አልምልም ያለችው ኡሙሰልማ

«አልምልም ካለች ነክታዋለች ማለት ነው» አለች ጣይባ። ሙነወር ይህን የሰማው ግቢ ውስጥ ፊቱን ሳሙና ለቅልቆ ጎንበስ እንዳለ ነው። ቧንቧው ውሃ ከሰጠ ከሳምንት በላይ ስለሆነው ከቢጫ ጀሪካን እየቀዳ ይታጠብ ነበር፤ ጀሪካኑ ደግሞ የሚቀመጠው ከወንድሙ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው። መቀሌ ሓድነት ሰፈር ግቢ ተካፍሎ የሚኖር ሰው የባልና ሚስት ወሬ ላለመስማት ብሎ ሳይታጠብ አይውልም። ስለዚህ ሰማ። ወንድሙ አብዱሰመድ ቀስ ብሎ «ዘመድ ናት እኮ» አለ። «ዘመድ አይደለችም መች ወጣኝ» አለች ጣይባ፣ «ሐጂ ባሉበት ቁርኣን ቀርቦላት እጇን ሰበሰበች ነው የምልህ። ንጹህ ሰው ምን ያስፈራዋል?» አብዱሰመድ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲለካና ሲከራከር ስለሚውል ቤት ውስጥ ክርክር የሚባል ነገር አይወድም፤ ቤት ሲገባ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሁሉ ይረታዋል። «እሺ» አለ በመጨረሻ፣ «የሰይድ አይሱዙ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ይመለሳል። ጋቢና ውስጥ ቦታ ይያዝላት።» ሙነወር ሳሙናው ዓይኑ ገብቶ እስኪያቃጥለው ድረስ እንደጎነበሰ ቀረ።

እንድትሄድ የተፈረደባት ሴት ኡሙሰልማ ናት። የአብዱሰመድና የሙነወር የአክስት ልጅ ስትሆን ዕድሜዋ አርባን ዘለል ብሏል። ባሏ ሲሞትባት፣ ልጅም ስላልነበራት፣ ከወሎ፣ ከሐርቡ ተነስታ ዘመዶቿ ጋ መቀሌ መጣች። ለጊዜው ተብሎ ነው የመጣችው፤ ያ ጊዜ ግን ሲረዝም ሲረዝም ከርሞ እነሆ ወጥ ሠሪዋም፣ ልብስ አጣቢዋም፣ ውሃ ሲመጣ በርሜል የምትሞላውም እሷ ሆነች። ሠራተኛ ብሎ የሚጠራት የለም፣ ያስነውራል። ዘመድ ስለሆነች ደሞዝ የላትም፣ ደሞዝ ስለሌላት ደግሞ የዕረፍት ቀን የላትም። ሙነወርን በልጅነቱ እናቱ ታማ በተኛችበት ክረምት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እስካሁን «እታለም» ነው የሚላት። የምትተኛው ከግቢው ጥግ ባለችው ትንሽ ሰርቪስ ክፍል ነው። ፍራሿ፣ መስገጃዋ፣ ሁለት የውሃ በርሜል፣ የጤፍ ጆንያና የሙነወር ማሽን እዚያችው ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ይኖራሉ። በቅርቡ ደግሞ ለክፍሏ ሌላ ፈላጊ መጥቶላታል፤ የጣይባ ታናሽ እህት ኢህሳን እንዳ ኢየሱስ ያለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ደርሷት ከወሎ ልትመጣ ነው። ይህን ጉዳይ ግን ጮክ ብሎ ያነሳው ሰው የለም።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። ሙነወር ኮምፒውተር የተማረ፣ ወሬው የሚጣፍጥ፣ ከሥራው ይልቅ ስለ ሥራው ማውራት የሚቀናው ልጅ ነው። ከጓደኛው ከኣስፋሃ ጋር ሆኖ ብሎክቼይን የሚሉት ነገር ውስጥ ገብቷል። ነገሩ በየአገሩ የተበተኑ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት መዝገብ እኩል ይዘው አንዱ ሌላውን የሚጠብቅበት ዘዴ ነው። ከእነዚያ ኮምፒውተሮች እያንዳንዱ ኖድ ይባላል፤ አንዱ ኖድ እንግዲህ ከኡሙሰልማ ራስጌ አረንጓዴ መብራቱን ቦግ እልም እያደረገ ያድራል። ኖድ መቆም የለበትም። ደጋግሞ ከቆመ ሌሎቹ ከማኅበራቸው ያስወጡታል፤ የእነ ሙነወር ኖድ ደግሞ ደጋግሞ ቆሟል። መብራት ሲጠፋ እንዳይጠፋ ብለው ጥሩ ባትሪ ገዝተውለት ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ሻማ ሲያበራ እሱ ሳይነቃነቅ ይሠራል። ግን በጠራራ ፀሐይ፣ መብራት እያለ ይቆማል። ሙነወር ቤት ሲመለስ ማሽኑ በርቶ፣ ኖዱ ግን ቆሞ ያገኘዋል። ያጠፋና ያበራዋል፣ ኖዱን በእጁ ያስነሳዋል፣ ይሠራል። ለምን እንደቆመ አንድም ቀን አጎንብሶ አላየም። አንድ ቀን ኣስፋሃ በስልክ ሲጮህበት «ቤት ያለችው ሴትዮ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ነቅላ መልሳ እየሰካችው ነው መሰለኝ» አለው። «መሰለኝ» የምትለዋ ቃል ከሁለት ቀን በላይ አልኖረችም። ራት ላይ ለወንድሙ ሲነግረው «ትነቅለዋለች» ብሎ ነገረው።

ያለፈው ጁምዓ ሐጂ አብዱልወዱድ ቤት መጥተው ነበር። ሐጂ ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ፣ መቀሌ ያለው የወሎ ሰው ሲጣላም ሲጋባም የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ጣይባ ሻይ እያቀረበች ይቺን ነገር ጣል አደረገቻት። አብዱሰመድ ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር እንጃ «እንግዲህ ትማልና ይውጣላት» አለ። ቁርኣኑ ከመደርደሪያው ወረደ። ኡሙሰልማ ውዱእ አድርጋ መጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው። «እኔ ስልኬን እዚያው ነው ቻርጅ የማደርገው» አለች። «ስወለውልም ሽቦውን ብድግ አደርገዋለሁ። ሆን ብዬስ አልነካሁም። ግን ሳላውቅ አንዱን ለአንዱ ነቅዬ ቢሆንስ? በማላውቀው ነገር በአላህ ቃል ላይ እጄን አላሳርፍም።» ሐጂ «ደግ ብለሻል» ብለው ቁርኣኑን አስመለሱ። ለእሳቸው ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፣ ለጣይባ ግን እዚያ ላይ ጀመረ። ሙነወር ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። «እኔም እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ይችል ነበር፤ አራት ቃል አይሞላም። ሻዩን ጠጣ።

ያን ዕለት ጠዋት ታዲያ ፊቱን ተለቃልቆ ሲጨርስ ኡሙሰልማ ከሰርቪሷ ብቅ አለች። ልብሷን ማዳበሪያ ውስጥ መክተት ጀምራለች። ጣይባ እንግዲህ ገና አብዱሰመድ እሺ ሳይል ነግራታለች ማለት ነው። «ቁርስህን ሸፍኜ አስቀምጬልሃለሁ፣ እንዳይቀዘቅዝብህ» አለችው። «እታለም…» አለና ፊቱን ማድረቅ ጀመረ። እሷም ጠብቃው ጠብቃው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱ ቁርሱን ሳይበላ ላፕቶፑን አንግቦ ወጣ።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ከአንዲት ሴት ጋር በትግርኛ ስለ መልስ ይጨቃጨቃል፣ አጠገቡ የተቀመጡ ሁለት መምህራን ስለ ቦቴ ውሃ ዋጋ ያወራሉ፤ አንደኛው አንድ በርሜል ለማስሞላት ያወጣውን ሲናገር ሌላኛው «በዚህ ዋጋማ ለስላሳ ብንታጠብ ይሻለናል» አለ። ሰው ሳቀ፣ ሙነወርም አብሮ ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁ ደበረው። ሓወልቲ ሰፈር፣ ሐውልቱ አጠገብ ወረደ። የኣስፋሃ ቢሮ ከአንድ ካፌ በላይ ያለች፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የሚንቀጠቀጥ ቬንቲሌተር የያዘች ክፍል ናት። ኣስፋሃ ገና በሩ ላይ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ያ ማስጠንቀቂያ የምትለኝ የታለ?» አለው። «ኖዱ ሲቆም ስልክህ ላይ መልእክት ይመጣልሃል ብለኸኝ ነበር፣ አይደል? የኖዶቹ ማኅበር ሰዎች ከሰዓት በፊት እንዳሳያቸው ጠይቀውኛል። እየቆመ አስቸገረን፣ ሊያወጡን ነው።» ሙነወር ማስጠንቀቂያ ሠርቻለሁ ካለው ወራት አልፈዋል። አልሠራም። «ትንሽ የሚስተካከል ነገር አለው» አለና ተቀመጠ። ኣስፋሃ አምኖት ሁለት ማኪያቶ ከታች አዘዘ። ሙነወር ላፕቶፑን ከፈተ።

ሥራው ደግሞ ከባድ ሥራ ቢሆን ምናለ። የሚያሳፍረውም እሱ ነው። ከቢሮው ሆኖ በኢንተርኔት ሓድነት ያለው ማሽን ውስጥ ገባና በየጥቂት ደቂቃው ሦስት ነገር የሚጠይቅ አጭር ፕሮግራም ጻፈ፤ ማሽኑ በርቷል ወይ፣ ኖዱ እየሠራ ነው ወይ፣ ዲስኩ ላይ ቦታ አለ ወይ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በቴሌግራም ለእሱና ለኣስፋሃ መልእክት ይልካል። ከማሽኑ ድምፅ ከጠፋም ቢሮው ያለው ኮምፒውተር በማሽኑ ፋንታ ይልካል። መልእክቶቹን በአማርኛ ጻፋቸው፤ «ማሽኑ ጠፍቷል።» «ኖዱ ቆሟል።» «ዲስኩ ሞልቷል።» ኣስፋሃ ደግሞ ችግር ሳይኖርም በቀን አንዴ ወደ ማታ ላይ ደህንነቱን የሚናገር መልእክት ይኑር አለና እሱንም ጨመረ። ሥራው ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ይህን ሥራ ከወራት በፊት ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ፊት ቁርኣን ባልቀረበ ነበር። ይህ ሐሳብ መጣበት፣ አባረረው፣ ተመልሶ መጣበት።

«በል እንሞክረው» አለ ኣስፋሃ። «አንድ ሰው ሶኬቱን ይንቀልና መልእክቱ ሲመጣ እንይ።» ቤት ያለው ሰው ማን ነው? አብዱሰመድ ሱቅ ነው፣ ጣይባም ለኢህሳን ብርድ ልብስ ልትገዛ ገበያ ወጥታለች። ሙነወር ስልኩን አንስቶ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ደወለ። «እታለም፣ እባክሽ የማሽኑን ሶኬት ንቀይልኝ» አላት። «እኔ?» አለች ኡሙሰልማ። «እኔን ነው ንቀይ የምትለው?» ላስረዳት ብሎ ስለ ሙከራ አወራት። «አይሆንም» አለች፣ «ብቻዬን አልነካውም። ኣምለሰትን ልጥራት፣ እሷ ቆማ ትይ።» ኣምለሰት የግቢው ባለቤት ናት፣ ከፊት ለፊት ያለው ቤት ነው የምትኖረው። ስትመጣ ስልኩን ተቀብላ «ከመይ ሓዲርካ ሙነወር፣ ደሓን ዲኻ? እዚህ አለሁ፣ እያየኋት ነው፣ ትንቀለው?» አለችው። «ትንቀለው» አለ። ኡሙሰልማ ስልኩን መልሳ ወሰደች። «የቱን ነው የምነቅለው?» አለች። «ጥቁሩን ነው ነጩን?» ሙነወር ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ያህል ጊዜ ትነቅለዋለች እያለ ሲያማት የኖረው ሴት ሶኬቱ የቱ እንደሆነ አታውቀውም።

«ጥቁሩን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን» አላት። «ነቀልኩት» አለች። ሙነወርና ኣስፋሃ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ጠበቁ። ምንም አልመጣም። «ጠፋ?» አለች ኡሙሰልማ። «አልጠፋም» አለ። «ታዲያ ደግሜ ልንቀለው?» «ተነቅሏል እኮ፣ እንዴት ትደግሚዋለሽ።» ከኋላዋ ኣምለሰት «መብራቱ ቦግ እልም ይላል፣ አልጠፋም በይው» ስትል ይሰማል። ኣስፋሃ ግንባሩን መታ አደረገና ሳቀ። «ባትሪው» አለ፣ «ባትሪው አለ እኮ ሓወይ። መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ማሽን ሶኬት ሲነቀል እንዴት ይጠፋል?» ሙነወር አልሳቀም። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር መማር አያስፈልግም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ያ ክፍል መብራት ሲጠፋ ብቻውን አረንጓዴ እንደሚያበራ ያውቃል። ሻማ አብርታ ስትሰግድ ያ አረንጓዴ መብራት መስገጃዋ ላይ እንደሚያርፍ ኡሙሰልማ ራሷ በሳቅ ነግራው ታውቃለች። እሱ ግን አላሰበውም። ማሰብ ስላልፈለገ አላሰበውም፤ የሚነቅል ሰው መኖሩ ተመችቶት ነበር። «መልሰሽ ስኪው» አላት። «አበላሸሁት እንዴ?» አለች ፈራ ተባ እያለች። «አይ፣ ደህና ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ያኔ ሊነግራት ይችል ነበር።

ሶኬቱ ከተመለሰ በኋላ ኣስፋሃ ገና ባትሪውን እንዴት እንደሚሞክሩት ሲያወራ የሁለቱም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። «ዲስኩ ሞልቷል። ኖዱ ቆሟል።» ማሽኑ ጠፍቷል የሚለው የለበትም። ኣስፋሃ አነበበና ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ ጎተተ። አሁን ጎንበስ ብለው አዩ። መዝገቡ በየቀኑ ያድጋል፣ የገዙት ዲስክ ግን ትንሽ ነው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ ኖዱ የሚጽፍበት ቦታ ያጣና በራሱ ይቆማል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ አንዳንድ ጊዜያዊ ፋይሎች ይጠፉና ትንሽ ቦታ ይገኛል፣ ኖዱም እንደገና እስኪሞላ ድረስ ይሠራል። ነገሩ ይኸው ነበር። ዛሬ ደግሞ ሲሞላ መልእክቱ እሱ ራሱ በጻፈው አማርኛ መጣለት። «ሴትየዋ ነቀለችው ብለኸኝ አልነበር?» አለ ኣስፋሃ። ተቆጥቶ አልነበረም። «እኔም ስለ እሷ በስልክ ስንት ነገር ተናግሬያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በል ቤት ስትገባ ይቅርታ ብሏል በላት።» «እላታለሁ» አለ ሙነወር። ማታ የት እንደምትሆን አልነገረውም። ማስጠንቀቂያውን ዛሬ ጠዋት እንደሠራውም አልነገረውም። አላስፈላጊውን ፋይል አጽድቶ ኖዱን አስነሳው፣ ኣስፋሃም ለሰዎቹ በኩራት አሳያቸው፣ ሰዎቹም «ጥሩ ሥራ ነው» ብለው ጻፉ።

ሙነወር ምሳ አልበላም። ሓወልቲ ዙሪያ ሲዞር ዋለ። ሐውልቱን ከሩቅ እያየ፣ ካፌ ተቀምጦ ሻይ አዝዞ ሳይጠጣ ሂሳብ ከፍሎ እየወጣ፣ በሆዱ ንግግር ያዘጋጃል። መጀመሪያ ለወንድሜ ብቻዬን እነግረዋለሁ አለ። ከዚያ ጣይባ እንዳለችበት ይሻላል አለ። ከዚያ ደግሞ አይሱዙው ዘግይቶ ዛሬ ባይሄድ ነገ ረጋ ብዬ እነግራቸዋለሁ ብሎ ራሱን አጽናና። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀሎት ይውል ነበር፤ እሱ ግን ያፍራል፣ ሲያፍር ደግሞ የሚያውቀው መላ መዘግየት ብቻ ነው። ዘግይቶ ዘግይቶ ዐስር አዛን ሲል ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ቤት ሲደርስ ሐጂ አብዱልወዱድ ለመንገደኛዋ ዱዓ ሊያደርጉ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። አብዱሰመድ ከሱቁ በጊዜ ተመልሷል። ለኡሙሰልማ አዲስ ሻርፕ ገዝቶ በላስቲክ እንደታሸገ ጉልበቱ ላይ ይዞታል፤ እንዴት እንደሚሰጣት ጨንቆታል። ጣይባ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ እየጠቀለለች «በዚህ ክረምት መንገዱ መቼም ይጨቀያል» ትላለች፣ ሐጂ «አላህ ያውቃል» ይላሉ፣ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ውጭ ሰይድ የአይሱዙውን ሞተር ሳያጠፋ ጥሩንባውን አንዴ ነካ አደረገ። ሙነወር ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እዚያው ጁምዓ ዕለት የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። አሁን እናገራለሁ አለ በሆዱ። ሐጂ ፊት ነው፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ግን ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሰዓት መለሰ።

ኡሙሰልማ ማዳበሪያዋን በር ላይ አኑራ ገባች። በእነሱ አገር መንገድ የሚወጣ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ይቅር ሳይባባል፣ አፉ ሳይባባል አይወጣም፤ የሰው ሐቅ ትከሻው ላይ እንደተጫነ መንገድ ላይ ቢሞትስ። ከሐጂ ጀመረች፣ ዱዓቸውን ተቀበለች። አብዱሰመድን «ወንድሜ፣ ስንት ጊዜ አስቀይሜህ ይሆናል፣ አፉ በለኝ» አለችው። «አፉ ብያለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ» ብሎ ሻርፑን አቀበላት። ጣይባንም እንዲሁ አለቻት፤ ጣይባ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ የእውነቷን ነው፣ ሰው ሲሄድ ሆድ ይብሳል። ከዚያ ወደ ሙነወር መጣች። ሊነሳ ሲል ትከሻውን ያዘችው። ከእጇ የልብስ ሳሙና ይሸታል። «አንተን ደግሞ ከሁሉም በላይ» አለች። «ያን ዕቃህን ሳላውቅ ነክቼ ሥራህን አበላሽቼብህ ከሆነ፣ ዛሬም በነቀልኩት ተጎድቶ ከሆነ፣ ለአላህ ብለህ አፉ በለኝ።» ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እሱን ያያል። ሰው አፉ በለኝ ሲል የሚባለው አንድ ነገር ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ አፍ ብቻውን የሚለው። «አፉ ብያለሁ» አላት። «አላህ ይስጥህ፣ አሁን ቀለለኝ» አለችና ግንባሩን ሳመችው። ማዳበሪያዋን አብዱሰመድ ተሸከመላት። አይሱዙው ጭቃውን እየረጨ ከሰፈሩ ወጣ።

ተመልሰው ሳሎን ተቀመጡ። ሐጂ ከመሄዳቸው በፊት ሻይ ይጠጡ ተባለ፣ የሚያፈላው ሰው ግን ለጊዜው ጠፋ፤ ጣይባ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ እየፈለገች ቁም ሳጥን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሻዩ ቀርቦ እኩሌታው እንደተጠጣ የሙነወር ስልክ ጮኸ። «ምንድን ነው?» አለ አብዱሰመድ። ሙነወር አየውና «ማሽኑ ነው» አለ። «ምን ይላል?» «ኖዱ እየሠራ ነው፣ ሁሉም ደህና ነው ይላል።» ጣይባ የሻይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አያችሁ?» አለች፣ «ከቤት ከመውጣቷ ደህና ሆነ። አልምልም ያለችው ወዳ መሰላችሁ?» ከእንግዲህ ነገሩ እንዲህ ተብሎ እንደሚኖር ሙነወር ያኔ ገባው። ሐርቡም ይደርሳል። ኢህሳን ስትመጣ ይነገራታል፣ የወሎ ሰው ሰርግ ላይ ሲሰበሰብ ይነሳል፣ ያቺ ሴት እኮ ይባላል። «እሷ አይደለችም» አለ። ድምፁ የእሱ አልመስለው አለ።

«ምን አልክ?» አለ አብዱሰመድ። «እሷ አይደለችም። ማሽኑ ውስጡ እየሞላ ነው በራሱ የሚቆመው። ሶኬቱን ቢነቅሉትም አይጠፋም፣ ባትሪ አለው። ዛሬ አስነቅያት አየሁ።» አብዱሰመድ ወንድሙን ትክ ብሎ አየው። «መቼ ነው ያወቅኸው?» አለ። «ከቀትር በፊት» አለ ሙነወር። ወንድሙ አልተሳደበም፣ እጁንም አላነሳም። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አኖረና ምንጣፉን ማየት ጀመረ፤ ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ሐጂ አብዱልወዱድ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ደውል» አሉ። «እኛ ፊት ደውልላት። ድምፁንም ክፈተው፣ ቁርኣኑ ሲቀርብላት እኛ ነበርን፣ ይህንም እኛ እንስማ።»

ደወለ። የአይሱዙው ሞተር ሳሎኑን ሞላው። «ሙነወር?» አለች ኡሙሰልማ ጮክ ብላ። «ምን ረሳሁ?» «ምንም አልረሳሽም እታለም» አላት። ከዚያ ነገራት። ቀን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር አንዱም አልመጣለትም፤ አልነካሽውም፣ ማሽኑ ነው፣ እኔ ነኝ ሳላጣራ ያወራሁት፣ እያለ ቃሉን እያደናቀፈ ነገራት። «እኔ አይደለሁም?» አለች። «አይደለሽም።» «ሳላውቅም አልነካሁም?» «ሳታውቂም።» «እንግዲያ መማል እችል ነበር» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ሙነወር አሁን ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። ብትቆጣው መሬት ላይ ወድቆ የሚለምናት ይመስለው ነበር። እሷ ግን ነገሯን በልኩ የምታውቅ፣ የማታውቀውን ደግሞ የምትጠይቅ ሴት ናት። «ቅድም ስንሰነባበት ታውቅ ነበር?» አለችው። «አውቅ ነበር» አለ።

«ታዲያ አፉ ያልከኝ ምኑን ነው?»

ሙነወር ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ሰይድ መሪውን ሲያዞር፣ መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ይሰማል፤ እሷም ዝም ብላ መልሱን ትጠብቃለች። ከመቀሌ ወጥቶ ከኲሓ ወዲያ ያለው መንገድ ላይ ኔትወርክ ሁልጊዜ ይቆረጣል። ይቆረጣል ብሎ ጠበቀ። ያን ቀን አልተቆረጠም።